ከኮምቦልቻ ጋላፊ በሞተር፦ በአንዲት ቁጥር ምክንያት ከኬላው ተመለስኩ

የቦርከና ልጅ
ኅዳር 9 ቀን 2018፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት ማታ ነው ኮምቦልቻ የገባሁት። ሦስት ወር ሙሉ የተዘጋጀሁበት የጅቡቲ ጉዞ ድንበሩ ላይ፣ ጋላፊ ኬላ ቆመ። ይሄን የምጽፈው በሌላ ሰው እንዳይደርስ ብዬ ነው፤ ለራሴም ምክራችሁን እፈልጋለሁ።

ሞተሬ ባጃጅ ቦክሰር 150 ናት። ከሰው ነው የገዛኋት፤ ስም ተዛውሮ ሊብሬው በእኔ ስም ነው። ፓስፖርት፣ ቪዛ፣ መንጃ ፈቃድ፣ የዓመቱ ቦሎ፣ ቢጫ ካርድ፣ ሁሉንም በላስቲክ ጠቅልዬ ደረት ኪሴ ውስጥ ይዣለሁ። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነሳሁ፤ የባቲን ቁልቁለት ጎህ ሲቀድ ወረድኩት። ሚሌ ላይ ቁርስ በላሁ፣ ሰመራ አደርኩ፣ በማግስቱ ማለዳ ጋላፊ ደረስኩ። የከባድ መኪናው ሰልፍ መጨረሻው አይታይም ነበር። ሞተር ስለሆንኩ ግን በጎን አሳለፉኝና ደስ ብሎኝ ነበር።

በእኛ በኩል ያለው ፈታሽ ፓስፖርቱን አየ፣ ሊብሬውን አየ፣ ከዚያ ከመሪው ሥር ተንበረከከ። የስልኩን መብራት አብርቶ፣ ብረቷ ላይ በተቀረጸው ሻንሲ ቁጥር ላይ የተጋገረውን ቅባትና አቧራ በአውራ ጣቱ ጠረገው። ከሊብሬው ጋር እየቆጠረ ማንበብ ጀመረ። ከመጨረሻዋ አራተኛ ላይ ሲደርስ ዝም አለ። እንደገና ጠረገና አነበበ። ሞተሯ ላይ 8 ናት፤ ሊብሬው ላይ 3 ተብሎ ተጽፏል።

ሰውዬው አልተቆጣም። «ወንድሜ፣ ይሄ ሊብሬ የሌላ ሞተር ነው» አለኝ። «ዛሬ ባሳልፍህ እንኳ ስትመለስ ይቺን ሞተር አገር ውስጥ የምታስገባበት ወረቀት የለህም።» የምመልስለት አልነበረኝም። ስም ሲዛወር የጻፈው ሰው ነው የተሳሳተው፤ እኔ ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ጎንበስ ብዬ አላየሁትም።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ቁጥሩን ለማስተካከል ከየት ልጀምር? ደግሞስ ሳላየው ያለፍኩት ሌላ ምን አለ?

የሆጤ ልጅ
ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 3፡05

አብሽር ወንድም ዓለም፣ በሰላም መመለስህ ይበልጣል። ሳነብልህ ተነስቼ የእኔን በባትሪ አየሁት። ቁጥሩ ከነጭራሹ በቀለም ተሸፍኗል። ነገ ነው የማስጠርገው።

ሸዋ በር ጋራዥ
ኅዳር 10፣ ከጠዋቱ 1፡20

የሆጤ ልጅ፣ ቆይ! ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት እንዳትፈገፍገው፣ የብረት ብሩሽም እንዳታስነካው። የተፋቀ ቁጥር የሚያይ ፈታሽ የሚጠረጥረው ስርቆት ነው፤ ቁጥሩ ትክክል ሆኖ እያለ ምርመራ ውስጥ ትገባለህ። ጨርቅ በቤንዚን ነክረህ ደጋግመህ አርጥበው፣ በቆየ የጥርስ ብሩሽ አውጣው። ሲደርቅ ስስ ወረቀት ለጥፍና እርሳሱን በጎኑ አስተኝተህ አሽበት። ቁጥሩ በወረቀቱ ላይ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ሞተር ቁጥሩንም እንደዚሁ አንሳ።

የቦርከና ልጅ፣ አንተም ማመልከቻ ከመጻፍህ በፊት ይሄን ወረቀት ያዝ። ከዚያ የሚያስፈልግህ መጀመሪያ አገር ስትገባ የተሠራላት የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ነው። ትክክለኛው ቁጥር እዚያ ላይ አለ። የሸጠልህ ሰው ከሌለው እሱ ከማን እንደገዛ ጠይቅ።

ሌላም ልጠይቅህ። ካርቡራተሩን፣ ነዳጅና አየር የሚቀላቅለውን፣ ደሴ ላይ አስነክተኸው ታውቃለህ? ጭስ በዛ፣ ነዳጅ በላ ብለህ?

የቦርከና ልጅ
ኅዳር 10፣ ከጠዋቱ 2፡10

አዎ፣ ባለፈው ክረምት ነዳጁን አስቀንሼዋለሁ። ከዚያ በኋላ የሐረጎን ዳገት ስወጣ ጥሩ ነበረች። ሚሌ አካባቢ ግን እሳት ሆነች፤ ጉልበቷም ወረደ። ሙቀቱ ነው ብዬ ነበር።

ሸዋ በር ጋራዥ
ኅዳር 10፣ ከጠዋቱ 2፡35

ሙቀቱ ብቻ አይደለም፣ እሱን ልንገርህ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። በስስ አየር ላይ ነዳጅ ሲበዛ ጭስ ይሆናል፣ ስለዚህ መካኒኩ ነዳጁን ያሳንሰዋል። ለደሴ ልክ ነው። በዚያው አቀማመጥ አፋር ስትወርድ ግን አየሩ ወፍራም ሆኖ ነዳጁ ያንሰዋል። ነዳጅ ያነሰው ሞተር በጣም ይግላል፤ ብሶበት ረጅም መንገድ ከሄደ ፒስተኑ ይነክሳል። ኮምቦልቻ ራሷ ከደሴ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች፤ ሚሌ ስትደርስ ደግሞ ከግማሽ በላይ ወርደሃል።

ካንዴላህን፣ እሳት የምትሰጠውን፣ ፈትተህ ጫፏን እያት። ነጭ እንደ ኖራ ከሆነች ነዳጅ አንሷታል። ቡናማ ከሆነች ጤነኛ ናት። ከመሄድህ በፊት ፋብሪካው ወዳስቀመጠው መልሳት፤ ደሴ ላይ ትንሽ ብትጨስብህ ግድ የለም። ዘይቱን ቀይር። ጎማህን ማለዳ ሳይሞቅ ለካው፤ ቀትር ላይ ጠጠረ ብለህ እንዳታስተነፍሰው፣ ሲበርድ ባዶ ይሆንብሃል።

ቢሮ ውስጥ ነኝ
ኅዳር 10፣ ከቀኑ 6፡15

እኔ የምሠራው ኢንሹራንስ ላይ ነው። ወንድሜ፣ ቢጫ ካርድ ይዣለሁ ብለሃል። የትኛውን?

የቦርከና ልጅ
ኅዳር 10፣ ከቀኑ 6፡50

ጤና ጣቢያ የተወጋሁበትን፣ የቢጫ ወባውን። ሌላ አለ እንዴ?

ቢሮ ውስጥ ነኝ
ኅዳር 10፣ ከቀኑ 7፡30

አለ፤ እንዲህ እንደሚሆን ጠርጥሬ ነው የጠየቅኩህ። ብዙ ሰው በዚህ ይሳሳታል፤ ሁለቱም ቢጫ ናቸው፣ ሁለቱም ኬላ ላይ ይጠየቃሉ።

አንተ የያዝከው የክትባት ካርድ ነው። እሱም ያስፈልጋል፤ ከተወጋህ ከ10 ቀን በኋላ ይጸናል፣ ከ2016 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ወዲህ ደግሞ አንዱ ክትባት ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። ሌላው የኮሜሳ (የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካ አገሮች የጋራ ገበያ) ቢጫ ካርድ ነው፤ የሞተርህ ኢንሹራንስ ነው። እዚህ አገር በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የምትገባው የሦስተኛ ወገን መድን የሚሠራው አገር ውስጥ ነው። ጋላፊን ስትሻገር ቢጫ ካርዱ ይተካዋል። ኢትዮጵያም ጅቡቲም ኬንያም አባል ናቸው። የምታወጣው ሦስተኛ ወገን ከገባህበት ድርጅት ነው፤ የትኛውን አገር እንደምትረግጥ በግልጽ ንገራቸው፣ ካርዱ ላይ መመልከቱንም እዚያው ቆመህ አረጋግጥ።

ምን ይሸፍናል? ሰው ብትገጭ ወይም የሰው ንብረት ብታበላሽ የዚያ አገር ሕግ በሚለው መጠን ይከፈልልሃል፤ የአንተንና የተሳፋሪህን የሕክምና ወጪም ያግዛል። ያንተን ሞተር ጉዳት ግን አይሸፍንም። አደጋ ከደረሰ ወዲያውኑ በዚያው አገር ላለው የቢጫ ካርድ ብሔራዊ ቢሮ ማሳወቅ ነው እንጂ፣ ቤት ከገባሁ በኋላ እነግራለሁ አይባልም።

ያ ፈታሽ ባይመልስህ ኖሮ ጅቡቲ መንገድ ላይ ያለ ኢንሹራንስ ትነዳ ነበር። ሰው ብትገጭ ምን ይውጥህ እንደነበር አስበው።

መንገደኛ 11
ኅዳር 10፣ ከምሽቱ 1፡00

ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል? ሞተር በጎን በበረሃው ታልፋለች፣ መንገዱን የሚያውቁ ልጆች አሉ። ትንሽ ከፍለህ ማለፍ ነው።

የጅቡቲ መስመር
ኅዳር 10፣ ከምሽቱ 1፡45

ከባድ መኪና ነጂ ነኝ፤ ስድስት ዓመት በዚህ መስመር ተመላልሻለሁ። መንገደኛ፣ ልጁን ወደ ጉድጓድ አትምራው። በጎን የሚያልፈው መንገድ የኮንትሮባንድ መንገድ ነው። እዚያ ላይ የተያዘ ሞተር ይወረሳል፤ ነጂው ሽርሽር ላይ ነኝ ቢል የሚሰማው የለም። የባሰው ደግሞ በረሃው ነው። አስፋልት ዳር ሞተር ቢበላሽብህ የእኛ መኪና በየደቂቃው ያልፋል፤ ውሃ እንሰጥሃለን፣ ጭነንህም እንሄዳለን። በጎን ገብተህ ካቴና ቢበጠስብህ ማን ያገኝሃል? ይሄን የምለው ባየሁት ነገር ነው።

የቦርከና ልጅ፣ አንተ ግን በወረቀት ሂድ። የማውቀውን ልንገርህ።

ጅቡቲ የሚሠሩት ከእሑድ እስከ ሐሙስ ነው፤ ዓርብና ቅዳሜ እረፍት ነው። ዓርብ ኬላ ደርሰህ አንድ ማኅተም የሚመታልህ ሰው ብታጣ ሙቀቱ ላይ ነው የምታድረው። ሰዓቱ ከእኛ ጋር እኩል ነው፣ አቆጣጠሩ ግን የፈረንጅ ነው፦ ቢሮ በ8 ይከፈታል ካሉህ የእኛ 2 ሰዓት ነው።

ዋናው ደግሞ ዓመተ ምሕረቱ ነው። ቦሎህ ላይ 2018 ይላል። በጥር ከሄድክ እነሱ 2026 ላይ ናቸው። የማያውቅ ፖሊስ መንገድ ላይ ካስቆመህ ከስምንት ዓመት በፊት ያለቀ ነው የሚመስለው። ሊብሬህንና ቦሎህን ፈቃድ ባለው ተርጓሚ ወደ ፈረንሳይኛ አስተርጉም፤ ቀኖቹ በእነሱ አቆጣጠር ይጻፉ። ሊብሬን እነሱ ካርት ግሪዝ ይሉታል፤ ቃሉን ያዘው፣ ደጋግመው ይጠሩታል።

ከጋላፊ ከተማው ድረስ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እስከ ዲኪል ያለው በእኛው ጎማ የተጎዳ መንገድ ነው፤ ጉድጓዱን ስትሸሽ ፊት ለፊት የሚመጣብህን እይ፣ እኛም እየሸሸን ነው የምንነዳው። ከዲኪል ወዲያ ግራንድ ባራ የሚባል ነጭ ሜዳ አለ፤ ውሃ ይመስላል፣ ውሃ አይደለም። እዚያ ላይ ነፋሱ ከጎን ነው የሚመታው፤ የእኔን ተሳቢ የሚያወዛውዝ ነፋስ አንተን ምን እንደሚያደርግህ እወቅ።

ሁለት ሊትር ውሃ አይበቃህም። ከፋርማሲ ሕይወት አድን ግዛና በውሃው በጥብጠው። ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ አትሞክር፤ ጥርና የካቲት ደግ ናቸው። በነገራችን ላይ፣ ስትነሳ የባቲን መንገድ ሰላም ኮምቦልቻ ላይ ከነጂዎች ጠይቅ። በቀደም ሰላም ነበር ማለት ዛሬም ሰላም ነው ማለት አይደለም።

ሞያሌ ደርሼ
ኅዳር 12፣ ከጠዋቱ 3፡00

እኔ የደሴ ልጅ ነኝ፤ ከሁለት ዓመት በፊት በሞያሌ ኬንያ ገብቻለሁ። ለማወዳደር ያህል ልጨምር። ለእኛ ፓስፖርት ኬንያ ቪዛ የለም፤ ሞያሌ ላይ ደግሞ የሁለቱም አገር ሠራተኞች የሚሠሩበት የጋራ ኬላ አለ። ወረቀቱ ቀለል ይላል። ጅቡቲ ላይ የማታገኘው አንድ ትልቅ አደጋ ግን አለ፦ ኬንያ የሚነዳው በግራ ነው።

እኛም እስከ 1956 ዓ.ም. በግራ ነበርን ይባላል፤ የሚያስታውስ እግር ግን የለንም። የመጀመሪያው ቀን አያስፈራም፣ ስለምትጠነቀቅ። እኔን ሊገድለኝ የነበረው ሁለተኛው ቀን ጠዋት ነው። ማርሳቢት ነዳጅ ቀድቼ ወጣሁ፤ መንገዱ ባዶ ነበር፤ እጄ በራሱ ወደ ቀኝ ያዘ። ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ስሄድ አላወቅኩም። አንድ ፒክአፕ መብራቱን እያበራ መጣ፤ ቀኝ ይዞብኛል ብዬ ተናደድኩ። ከዚያ ነው የገባኝ። ከዚያ በኋላ የግራ መስታወቴ ላይ ቀይ ጨርቅ አሠርኩ፤ ከማደያ በወጣሁ ቁጥር ጨርቁን አያለሁ።

የእኔ ሞተር በወንድሜ ስም ስለነበረች ውክልና ይዤ ነበር። ውክልናው «እንዲነዳ፣ እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ» ይላል፤ «ከአገር ይዞ እንዲወጣና እንዲመልስ» የሚል ግን አልነበረበትም። አዲስ አበባ ላይ አንድ ወዳጄ አይቶ ነገረኝና እንደገና አሠራሁት፤ ውጭ ጉዳይም አረጋገጥኩት። በሰው ሞተር የምትሄዱ ይቺን ዓረፍተ ነገር አትርሱ።

አባባ ኤንትሬ
ኅዳር 13፣ ከምሽቱ 2፡20

የምጽፈው በልጄ ስልክ ነው፤ እሱ እየጻፈልኝ። ኮምቦልቻ ነው የምኖረው። በደርግ ጊዜ ኤንትሬ የጭነት መኪና ከነተሳቢው ይዤ አሰብ እመላለስ ነበር። ባቲ፣ ሚሌ፣ ሰርዶ፣ ኤሊ ዳር፣ ማንዳ፣ ቡሬ፣ አሰብ። ወደዚያ ስንወርድ ቡና እንጭናለን፤ ስንመለስ ጨውም፣ ብረትም፣ እርዳታ እህልም። ቦቴዎቹ ከማጣሪያው ነዳጅ ይዘው ይወጡ ነበር። የምንነዳው ማታ ነው። ቀን ከመኪናው ሥር ሰሌን አንጥፈን እንተኛለን። ውሃ በሸራ ከረጢት አድርገን ስፖንዳው ላይ እናንጠለጥላለን፤ ነፋሱ ያቀዘቅዘዋል።

ልጆቼ፣ ስለ ሊብሬና ስለ ማኅተም ስታወሩ ሰማሁና አንድ ነገር ልናገር ብዬ ነው። ኮምቦልቻ ያደገችው በዚያ መንገድ ነው። ያኔ እስከ ባሕሩ ድረስ ድንበር የሚባል ነገር አልነበረም፤ መውጫ መግቢያ ወረቀት አናውቅም። በ1985 ኤርትራ ተለየች፣ በ1990 ጦርነት ሆነና መንገዱ ተዘጋ። እኔ መጨረሻ ጊዜ ስመለስ መጨረሻዬ መሆኑን አላወቅኩም፤ ጓደኞቼን እንኳ አልተሰናበትኩም። መስከረም 1 ቀን 2011 የቡሬ ድንበር ተከፈተ ሲባል እኔ እንደ ሕፃን ነው ያለቀስኩት። መኪና ባይኖረኝም በአውቶቡስ እሄዳለሁ ብዬ ሸሚዝ አስተኩሼ ነበር። ብዙ ሳይቆይ ተዘጋ።

አንተ የቦርከና ልጅ፣ አላህ ያግዝህ። ከሰርዶ አልፈህ ወደ ጋላፊ ስትታጠፍ ሌላኛው መንገድ ወደ ኤሊ ዳር ይቀጥላል። እዚያ ጋ ትንሽ ቆም በልልኝ።

የቦርከና ልጅ
ኅዳር 13፣ ከምሽቱ 3፡10

አባባ፣ ቃል ገብቻለሁ። እቆምልዎታለሁ።

የቦርከና ልጅ
ጥር 27 ቀን 2018፣ ከምሽቱ 1፡30

ሰላም ወገኖቼ። ሄጄ ተመለስኩ፣ አልሐምዱሊላህ። ዝርዝሩን ላውራችሁ።

ሊብሬውን ለማስተካከል አምስት ሳምንት ፈጀብኝ። ሻንሲውን ሸዋ በር ጋራዥ እንዳለኝ በእርሳስ አነሳሁት። ዲክላራሲዮኑ የሸጠልኝ ልጅ ጋ አልነበረም። የመጀመሪያው ባለቤት ሐይቅ ከተማ ይኖሩ ነበር፤ አርፈዋል። ሚስታቸው ቤት ጠይቄ ደረስኩ። እትዬ ከአልጋ ሥር የብረት ሳጥን ጎትተው አወጡ፤ የቤት ካርታ፣ የልጆች የምስክር ወረቀት፣ የሟች ፎቶ፣ ከሁሉ በታች በጨርቅ የተጠቀለለ ዲክላራሲዮን። 8 ናት! ወረቀቱን ይዤ እጃቸውን ሳምኩ። ቡና ሳልጠጣ አልሸኙኝም። በዚያ ወረቀትና በእርሳሱ ኮፒ አመለከትኩ፤ ሞተሯ በቴክኒክ ሠራተኛ ታየች፣ አዲስ ሊብሬ ተሰጠኝ። እዚያው መስኮቱ ጋ ቆሜ ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

የኮሜሳውን ቢጫ ካርድ አወጣሁ። ሊብሬና ቦሎዬን አስተረጎምኩ። ካንዴላዬ በእርግጥም ኖራ ነበረች፤ ካርቡራተሩ ወደ ነበረበት ተመለሰ። በዚህኛው ጉዞ ሚሌን ሳልፍ ሞተሯ ምንም አላለችም።

ጋላፊ የደረስኩት እሑድ ጠዋት ነው። የዱሮው ፈታሽ አልነበረም፤ ላመሰግነው ፈልጌ ነበር። ሌላዋ ሠራተኛ እንደዚያው ተንበርክካ አነበበችው። ሻንሲውን ጠርጌው ስለነበር በደቂቃ ጨረሰች። ሞተሯ ተመልሳ እንደምትገባ ተመዘገበ፤ የወረቀቱን አንዱን ኮፒ ሰጡኝ። ይቺን ኮፒ አትጣሉ፤ ስመለስ መጀመሪያ የተጠየቅኩት እሷን ነው። በወዲያኛው በኩል ሰውየው ቦሎውን አይቶ «2018?» አለና ፊቱ ተቀየረ። ትርጉሙን ሰጠሁት፤ አነበበ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ማኅተሙን መታ። የጅቡቲ መስመር፣ ወንድሜ፣ ያቺ ምክር ባትኖር ኖሮ ያኔ ምን እል ነበር።

እስከ ዲኪል ያለው መንገድ እንደተባለው ነው። ግራንድ ባራ ላይ ነፋሱ ከጎን ሲመታኝ ደረቴን ታንከሩ ላይ አስደግፌ በሦስተኛ ማርሽ አለፍኩት። ጅቡቲ ከተማ ሁለት ሌሊት አደርኩ። ገንዘባቸው ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፤ 1 ዶላር ወደ 178 ፍራንክ ይሆናል፣ ስለዚህ ሂሳቡ አያስቸግርም፤ ኑሮው ግን ውድ ነው። ባሕሩን አየሁት። ጫማዬን አውልቄ ገባሁበት።

አባባ፣ መገንጠያው ጋ ቆምኩ። ሞተሯን አጥፍቼ ወረድኩ። ከባድ መኪናው ሁሉ ወደ ጋላፊ ነው የሚታጠፈው። በዚያኛው በኩል ሩብ ሰዓት ያህል ስቆም አንድ ግመል የሚነዳ ልጅ ብቻ አለፈ። ሰላም አልኩት፣ ሰላም አለኝ። ፎቶ አንስቻለሁ፤ አሳትሜ ቤትዎ ድረስ አመጣልዎታለሁ።

አባባ ኤንትሬ
ጥር 27፣ ከምሽቱ 2፡15

እንኳን በሰላም ገባህ ልጄ። ፎቶውን ልጄ በስልኩ ቢያሳየኝም ዓይኔ ደክሟል፣ ትልቅ አድርገህ አሳትምልኝ። አንድ ነገር ልጠይቅህ፦ አስፋልቱ አለ ወይስ አሸዋ በልቶታል?

የቦርከና ልጅ
ጥር 27፣ ከምሽቱ 2፡20

አለ አባባ። ዳርና ዳሩን አሸዋ ይዞታል፤ መሐሉ ግን አለ።